እስከ ቡኢ የሚያደርስ ክፍት ጫማ

ስለ ብስክሌት ጫማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በጀሞ የለም ብዬ የማምንበት ጊዜ ነበር። ሩቅ አይደለም፤ እስካለፈው ዓመት ድረስ ማለቴ ነው። ብስክሌት መንዳት የጀመርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ሐኪሜ ሆዴን አይቶ "ተንቀሳቀስ" ካለኝ በኋላ ነው። ዘግይቶ የጀመረ ሰው ደግሞ ሌላ ወሬ የለውም። ቢሮ ውስጥ ስለ ኮርቻ አወራለሁ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ስለ ሰንሰለት ቅባት አወራለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ስለ ጫማ አወራለሁ፤ ምክንያቱም እግሬን ያላቃጠለው የጫማ ዓይነት የለም።

መጀመሪያ በስፖርት ጫማ ነዳሁ። ሶሉ ለስላሳ ስለሆነ ፔዳሉ ላይ ይጎብጣል፤ ሰበታ ሳልደርስ ውስጥ እግሬ እሳት ይሆናል። ቀጥሎ ፔዳሉ ላይ የሚቆለፈውን የእሽቅድምድም ጫማ ገዛሁ። ጀሞ አደባባይ፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ ፊት ለፊት ልቆም ስል፣ እግሬ አልላቀቅ አለኝና ከነብስክሌቴ ተጋደምኩ። ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴትዮ "እኔን!" አሉ፤ የቀረው ሁሉ ሳቀ። ያንን ጫማ ከዚያ ቀን ወዲህ አላደረግኩትም።

በመጨረሻ ወደ ክፍት ጫማ ዞርኩ፤ እዚህ ላይ እንኳ እውነትም አንድ ነገር አግኝቻለሁ። ረጅም መንገድ ላይ እግር ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ዝናብም ይመታዋል። ሰንደል ለዚህ ሁሉ መልስ አለው፤ ከታወቀበት ነው እንጂ። ሶሉ ደረቅ መሆን አለበት፤ በሁለት እጅ ይዘው ሊያጥፉት ሲሉ እምቢ የሚል። ተረከዝን ከኋላ የሚይዝ ማሰሪያ ያስፈልገዋል። የጣት ጫፍ ከሶሉ ማለፍ የለበትም። ዘለበቱም በውጭ በኩል ይሁን፤ በውስጥ ከሆነ የፔዳሉን ክንድ እየፋቀ ሰው ያሳብዳል። ይህን ሁሉ ለሰው ሳስረዳ ራሴን የእግር ሐኪም አደርገው ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን የምንነዳ አምስት ሰዎች ነን። ለማሟሟቅ ያህል በብስክሌት መንገዱ ላይ ድንች የዘረጉትንና መኪና ያቆሙትን እየዞርን እስከ ለቡ እንሄድና፣ ተመልሰን ወደ ዓለም ገና እናመራለን። ወኔ ካለን እስከ አዋሽ ድልድይ እንዘልቃለን። ከአምስታችን አንዷ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር የሒሳብ መምህርት ናት፤ ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። እኔን "ጋሼ" ትለኛለች። በሕፃንነቷ ያገኛት ሕመም ግራ እግሯን አቅጥኖታል፤ ከቀኙ አጭርም ነው። ስትራመድ ትንሽ ታነክሳለች። ብስክሌት ላይ ስትወጣ ግን ሌላ ሰው ናት። በቀኟ ትገፋለች፣ ግራው እየተከተለ ያግዛታል፤ ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ወድቃ ተነስታ ያገኘችው ዘዴ ነው። ዳገት ላይ እኔ እያለከለክሁ ጀርባዋን አያለሁ። እቀናባት ነበር፤ ከቅናቱ በላይ ደግሞ አደንቃት ነበር፣ ዛሬም አደንቃታለሁ።

ስለ እግሯ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብለን አናውቅም። አራታችንም አይተናል፣ አራታችንም ያላየን መስለናል። ሳየው ዓይኔን ወደ ሰማይ አደርጋለሁ፤ ሰማዩ ላይ ምንም የለም። በእኛ ዘንድ የሰው ጉድለት እያዩ አለማየት ጨዋነት ነው፤ እኔም ጨዋ ሰው ነኝ ባይ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ሻይ እየጠጣን ሳለ እናቷ ጋ ስልክ ደውላ እንደነበር ነገረችን። እናቷ ቡኢ ናቸው፤ በቡታጅራ መንገድ ከጀሞ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። "በብስክሌት እመጣለሁ ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? 'አንቺ? በየትኛው እግርሽ?'" አለችና ሳቀች። ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም። እሷም ሳቋን ቶሎ ጨርሳ "ዘንድሮ እደርሳለሁ። በመኪና ግማሽ መንገድ ሄጄ አይደለም፣ ከዚህ ተነስቼ እዚያ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡኢ ለእሷ የሽርሽር ቦታ አልነበረም።

እኛም እናግዛት አልን። አንደኛው ጓደኛችን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነበረው፤ ትክክለኛ የብስክሌት ሰንደል እናስመጣላት ተባለ፤ ምርጫው ለአዋቂው፣ ለእኔ ተሰጠ። የእግሯን ቁጥር መጠየቅ ነበረብኝ። መጠየቅ ደግሞ እግሯን ማንሳት ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ደረጃውን ስወርድ በሯ ላይ ያወለቀችውን ጫማ ብድግ አድርጌ ቁጥሩን አየሁ፤ ሠላሳ ዘጠኝ። ግራውንም አነሳሁ፤ እሱም ሠላሳ ዘጠኝ። ውስጡ ግን ጥጥ ተጠቅጥቋል። ጎትቼ አወጣሁት፤ ግማሽ ጫማ ጥጥ ነበር። እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አየሁና ጥጡን ወደ ቦታው መልሼ፣ ሁለቱንም ሠላሳ ዘጠኝ አዘዝኩ።

ሰንደሉ ሲመጣ እውነትም ልዩ ነበር፤ ሶሉ ደረቅ፣ ማሰሪያው ጠንካራ፣ ዘለበቱ በውጭ በኩል። ስንሰጣት እንባዋ መጣ፤ ደስታ ነው አልን። እሷም በይሉኝታ "እንዴት ያምራል!" አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አድርጋው መጣች፤ በዚያ ፀሐይ ሁለት ወፍራም ካልሲ ደርባ። አዋሽ ድልድይ ስንደርስ ወርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የግራው ካልሲ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ደም ይዟል። ሌሎቹ ውሃ ሊገዙ ሄደው ነበርና ሁለታችን ብቻ ነን።

"ጠበበሽ እንዴ?" አልኳት። ከሁሉ የደነቆረውን ጥያቄ መርጬ ማለት ነው።

"ሰፋኝ እንጂ፣ ጋሼ። አንተ ደግሞ እንደሚሰፋኝ ታውቃለህ። ጥጡን አይተኸዋል።"

ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። "በምን አወቅሽ?"

"እጥፍጥፍ አድርገህ ነው የመለስከው። እኔ እንዲሁ ነው የምጠቀጥቀው። ሰንደሉ ልክ በሠላሳ ዘጠኝ ሲመጣ ማን እንደነካው ገባኝ።" ካልሲውን ቀስ ብላ ከቁስሉ አላቀቀች። "አልተቆጣሁም። እኔስ መቼ ተናገርኩ? እናቴ ከትምህርት ቤት መጀመሪያ ቀን ጀምሮ ሸፍኚው፣ ጠቅጥቂው፣ ሰው አይይብሽ ብላ ነው ያሳደገችኝ። ግን በዚህ ዓይነት ቡኢን አላያትም።"

ወደ ጀሞ የተመለሰችው ብስክሌቷን ሚኒባስ ላይ ጭና ነው። እኔ ያን ዕለት የነዳሁትን መንገድ አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው በራሴ መናደዴን ብቻ ነው።

ቁስሉ ሲሽር እሷ ራሷ መላ መጣች። ሀና ማርያም አካባቢ ከመኪና ጎማ በረባሶ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ተማሪዎቼ ያወሩላቸዋል አለች። በረባሶ! ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ሰዓት ንግግር አደርግባት ነበር፤ አሁን ግን የምናገርበት አፍ አልነበረኝም። ተከትያት ሄድኩ።

ሽማግሌው የአካባቢው ነባር ሰው ናቸው፤ ዛሬ ቤት የሞላው መሬት ላይ አባታቸው ጤፍ ያርሱ ነበር። ከቆርቆሮ ዳስ ሥር ተቀምጠው ጎማ ይቆርጣሉ፤ ከጓሮ ላሞቻቸው ይሰማሉ። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ስንደርስ ቀና ብለው አዩንና "ምን ልታደርጉበት ነው?" አሉ። ለብስክሌት፣ ለሩቅ መንገድ አልናቸው። "እንግዲያው ሂዱ። የጠዋት እግር ውሸታም ነው። ስትነዱ ውላችሁ፣ እግራችሁ ሲያብጥ ኑ።" እኔ ይህን ያህል ዓመት ስለ ጫማ ሳወራ፣ ጫማ ከቀትር በኋላ መለካት እንዳለበት አንድም ቀን አልመጣልኝም።

እንዳሉን ነድተን አስር ሰዓት ላይ ተመለስን። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት መሬት ላይ አነጠፉ። "ኮቱ፣ ነይ ልጄ። አውልቂና ቁሚ። ሁለቱንም።" እሷ አወለቀች። እኔ እንደ ልማዴ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመርኩ። ሽማግሌው ግን እርሳሳቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና እንደ ሰላምታ በቀላሉ "ግራሽ ትንሽ ነው። አጥሯልም። ምን አግኝቶት ነው?" አሏት።

እኔ በእሷ ፈንታ አፈርኩ። እሷ ግን ሳቀች፤ ከልቧ። "አባባ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት።"

"ታዲያ ሳልጠይቅ እንዴት ልሥራው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አሉና በሁለት ጣታቸው ተረከዟ ሥር ያለውን ክፍተት ለኩ። ለግራው አጠር ያለ ሶል፣ ሁለት ድርብ ጎማ፤ መሃሉ እንዳይጎብጥ ከውስጥ ቀጭን እንጨት። ፔዳሉን የትኛው የእግሯ ክፍል እንደሚረግጠው ጠየቋት፤ በእርሳስ ምልክት አደረጉ። ዘለበቱን በየት በኩል እንደሚያደርጉ ልነግራቸው አፌን ስከፍት "በውጭ ነው" አሉ፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። የሰው እጅ እንደዚያ አድርጌ አድንቄ አላውቅም።

እዚህ ላይ እሷ ዝቅ ባለ ድምፅ "ግራውን ብቻ በቆዳ ሸፍነው ሊሠሩልኝ ይችላሉ?" አለች።

ሽማግሌው እርሳሳቸውን አስቀመጡ። "እችላለሁ። ግን ሩቅ የሚሄድ እግር አየር ይፈልጋል፤ ከተሸፈነ መቁሰሉ አይቀርም። ደግሞ የሚያይሽ ሰው ቆሞ ነው የሚያይሽ፤ አንቺ አልፈሽው ትሄጃለሽ።"

ወደ እግሯ አጎንብሳ አየች። ከጓሮ አንዷ ላም ጮኸች። ያን ያህል ዳገት ስትወጣ አይቻታለሁ፤ በዚያ ወረቀት ላይ እንደ መቆም የከበዳት ነገር ግን አላየሁም። በመጨረሻ "ክፍት ይሁን" አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲሱን በረባሶ አድርጋ፣ ያለ ካልሲ መጣች። አራታችን እንደ ልማዳችን ዓይናችንን የምናሳርፍበት ስናጣ፣ እኔ ጉሮሮዬን ጠራርጌ "ሲቀዘቅዝ ያምሻል?" አልኳት። ስድስት ዓመት ጎረቤቴ ሆና ስለ እግሯ የጠየቅኳት የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። እስከ ዓለም ገና ድረስ አወራችኝ። ክረምት ላይ እንደሚጠዘጥዛት፣ በልጅነቷ ሩጫ ሲኖር የጓደኞቿን ደብተር ይዛ እንደምትቀመጥ፣ ደረጃ ከመውጣት መውረድ እንደሚከብዳት ነገረችኝ። ለስድስት ዓመት ከፊቷ ፈጠን ፈጠን እያልኩ የምወርደውን ደረጃ ማለቷ ነው።

ከሁለት ወር ልምምድ በኋላ ጎህ ሲቀድ ከጀሞ ተነሳን። አዋሽን ተሻገርን፤ ባለፈው የተቀመጠችበትን ድንጋይ ሳታየው አለፈችው። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት መጨረሻ የለውም። ለመን ላይ እግሬን ቁርጥማት ይዞኝ መንገድ ዳር ተጋደምኩ፤ ተመልሳ መጥታ "በርታ ጋሼ፣ አንተ እኮ አዋቂያችን ነህ" እያለች አሾፈችብኝ። ጢያ ላይ ሰዎች እግሯን አዩ፤ አንዳንዱ ጓደኛውን በክርኑ ነካ አደረገ። ሽማግሌው እንዳሉት አልፋቸው ሄደች። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቡኢ ገባን፤ ፊት ፊት የምትነዳው እሷ ነበረች፤ እግሯ ላይ አንድም ቁስል አልነበረም።

እናቷ በር ላይ ቆመው ነበር። ብስክሌቱንም አዩ፣ እኛንም አዩ፤ ልጃቸውን አገላብጠው ስመው ወደ ቤት አስገቡን። ወዲያው ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዘው መጡ። ከሩቅ የመጣ እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ በእሳቸው ቤት አይቀመጥም። እኛ "ኧረ እማማ፣ ኧረ አይገባም" እያልን በይሉኝታ እግራችንን ስንሰበስብ፣ እሷ ከፊታችን አልፋ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ዘለበቱን ፈታችና አስቀድማ ግራውን ውሃው ውስጥ ከተተች።

እናቷ በርከክ ብለው ያዙት። እጃቸው ውሃው ውስጥ ቆመ። ወደ እኛ አዩ፤ እንግዳ ፊት ተገልጦ የማያውቅ እግር ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው ከጣቶቹ ጀምረው እያሹ አጠቡት፤ ተረከዙን አጠቡት፣ አቧራ የያዘውን የማሰሪያ ምልክት አጠቡት።

"እኔ ነኝ የደበቅሁት" አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አልታወቀም። "እሱ ምን አጥፍቶ።"

ጎንበስ ብለው ሳሙት። ከአራታችን ዓይኑን ዘወር ያደረገ ሰው አልነበረም።