ለምርቃት የሰጠኋቸው ካርዶች

በሰጠው ነገር የሚጸጸት ሰው ቆጥቋጣ ይመስላል። ይምሰል። እኔ ሰጥቼ የተጸጸትኩ ሰው ነኝ። የሰጠሁትም ወርቅ አይደለም፤ የኳስ ተጫዋቾች ፎቶ ያለባቸው አሮጌ ካርዶች ናቸው።

ካርዶቹ የኔና የታላቅ ወንድሜ ነበሩ። ጆሃንስበርግ በገባን ሰሞን እንደ አብዛኛው የሆሳዕና ልጅ ሎኬሽን እንዞር ነበር። ጀፕ ከሚባለው የሐበሾች ገበያ ብርድ ልብስና የትራስ ጨርቅ ተሸክመን፣ ድሃው ሕዝብ በሚኖርባቸው ሰፈሮች በየበሩ እያንኳኳን እንሸጣለን። አንድ ቀን አይቮሪ ፓርክ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ለትራስ ጨርቅ የሚከፍሉት ቢያጡ፣ ከብስኩት ቆርቆሮ አንድ ካርድ አውጥተው ለወንድሜ ሰጡት። ድሮ ከማስቲካ ጋር ይሸጥ የነበረ ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ ፎቶው ላይ ያለው አጥቂ እኛ ሳንወለድ ኳስ ያቆመ ነው። «ደህናውን ጨርቅ በወረቀት ለወጥከው!» ብዬ ቀኑን ሙሉ ተነጫነጭኩበት። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ በየቤቱ «የድሮ የኳስ ካርድ አላችሁ?» ማለት ጀመረ። ሰዉም ከየጓዳው ያወጣለት ገባ። ሳላስበው እኔንም ለከፈኝ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ የጫማ ካርቶን ሞላን።

ወንድሜ ቤት እንደገባን እያንዳንዱን ካርድ ገልብጦ ጀርባው ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ከማን ቤት እንዳገኘው፣ የዚያን ቀን ምን እንደገጠመን። «ዝናብ መታን፤ ሴትየዋ ሻይ ሰጡን።» «ዛሬ ውሻ የወንድሜን ሱሪ ቀደደ፤ አለቀሰ፣ አላለቀስኩም ይላል።» ፎርድስበርግ ያለ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አንዱን ካርድ በጥሩ ዋጋ ልግዛው ካለ በኋላ፣ ገልብጦ ሲያየው «ማነው እንዲህ ያበላሸው?» አለ። ወንድሜ እየሳቀ ካርዱን ወደ ኪሱ መለሰ። «እኔ እኮ የምወደው ጀርባውን ነው» አለኝ መንገድ ላይ።

በኋላ እዚያው አይቮሪ ፓርክ ትንሽ ሱቅ ከፈትን። ዓለምን የዘጋው ወረርሽኝ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ወንድሜ የእናታችንን ዓይን ሊያሳክም ወደ አገር ቤት ሄደ። ለሦስት ሳምንት ብሎ ነበር። አየር መንገዱ ሲዘጋ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ ቀረን።

መጀመሪያ ሱቁን የመክፈቻ ወረቀት እስካገኝ ተዘግቼ ከረምኩ። ስከፍት መደርደሪያው ግማሽ ባዶ ነው። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ከሱቄ የብረት ፍርግርግ ፊት ይውላል። እኛ ምርቃት የምንለውን እነሱ ባሴላ ይሉታል፤ ዳቦ የገዛ ልጅ በላዩ አንዲት ከረሜላ ካላገኘ ነገ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው ሱቅ ነው የሚሄደው። ከረሜላ ደግሞ ከጀፕ ጠፍቷል። አንዱ ፍርግርጉን ይዞ «ማይ ፍሬንድ፣ ባሴላ!» እያለ ቢያሰለቸኝ፣ ካርቶኑን ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ ሁለት ሁለት ከሆኑት ካርዶች አንዱን ሰጠሁት። እየዘለለ ሄደ። በማግስቱ ጓደኞቹን ሁሉ ይዞ መጣ።

ድርቦቹ በሳምንት አለቁ። ከዚያ ሌሎቹን ጀመርኩ። ወረቀት ነው፣ ወንድሜ ሲመጣ ሌላ እንሰበስባለን፣ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

አንድ ቀን ደወለ። ስለ እናታችን፣ ስለ ሱቁ ተጨዋወትን፤ በየመሃሉ ያስለዋል።

«ካርዶቹስ?» አለኝ።

«አሉ።»

«ስመጣ አንድ በአንድ እናነባቸዋለን፤ ሱሪህ የተቀደደበትን አስቀድምልኝ» ብሎ ሳቀ። ያንን ካርድ ከሁለት ቀን በፊት ለግማሽ ዳቦ መርቄው ነበር።

ከዚያ ስልኩ አልነሳም አለ። ቤት ስደውል «ገጠር ወርዷል፣ ኔትወርክ የለም» ይሉኛል። አመንኩ። እንዲያውም እንዴት አንድ ቀን እንኳ አይደውልም ብዬ ተቀየምኩት። ጀፕ ዕቃ ልጭን ስሄድ አንዷ የአገሬ ልጅ፣ ሁልጊዜ ዕቃ የምገዛት፣ ዓይኗን ሰብራ ያልገዛሁትን አንድ ካርቶን ሳሙና ጨመረችልኝና «በርታ» አለችኝ። ዘመኑ ክፉ ስለሆነ መሰለኝ። እኔም ካርዶቹን መመረቄን ቀጠልኩ።

አንድ ጠዋት አራት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው በጭነት መኪና መጡ። ተራርቀው ከፍርግርጉ ውጭ ቆሙ።

«ዳቦ ገና አልመጣም» አልኳቸው።

ትልቁ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያኔ ገባኝ።

«መቼ?»

«አምስት ሳምንት ሆነው፣ ልጄ።»

እንደ ወጉ ቢሆን መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ባለበት ነው። «ብቻህን ነህ፤ ለቅሶ የሚቀመጥልህ ሰው መሰብሰብ ተከልክሏል። እንዴት ብለን እንንገርህ? ይከፈታል ብለን ጠበቅን» አሉኝ። ጀፕ ሁሉ ያውቅ ነበር። ጮህኩባቸው፤ ለአባት የማይባል ነገር ተናገርኳቸው። ትልቁ እያለቀሱ እጃቸውን ወደ ፍርግርጉ ዘረጉና በሽታው ትዝ ሲላቸው መለሱት። የዚያን ቀን ማንም አላቀፈኝም።

ከሄዱ በኋላ ካርቶኑን አወጣሁ። ባዶ ነበር። የመጨረሻዎቹን የሰጠሁት እሱ አፈር ከገባ በኋላ ነው። እኛ ደብዳቤ ተጻጽፈን አናውቅም፤ ስልክ እያለ ማን ይጽፋል? የእጁ ጽሑፍ በዚህ ምድር ላይ ያለው እነዚያ ካርዶች ጀርባ ላይ ብቻ ነበር።

ካርድ ለመለሰልኝ ትልቁን ቺፕስ እሰጣለሁ ብዬ አስነገርኩ። ልጆቹ መጡ። አንዱ እናቱ ከሱሪው ጋር አጥባዋለች። አንዱ ግድግዳ ላይ በሙጫ ለጥፎት ሲያነሳው ጀርባው እዚያው ቀረ። ሌሎቹ መሬት ላይ እየጣሉ ሲጫወቱበት እርሳሱ ጠፍቷል። ከመለሱልኝ አምስት ካርዶች አንዱ ላይ «ዝናብ» የምትል ቃል ብቻ አነበብኩ። አንድ ትንሽ ልጅ ከጋዜጣ የቆረጠውን ኳስ ተጫዋች ይዞ ቢመጣ፣ ለሱም ቺፕስ ሰጥቼ ልጆቹ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ጎጎ፣ አሮጊቶቻቸውን እንዲህ ነው የምንጠራቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ ይዘዋል። ጀርባው ላይ ያለው እርሳስ ትናንት የተጻፈ ይመስላል። እጄን በፍርግርጉ ሰደድኩ። እሳቸው ግን ካርዱን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«ልመልስልህ አልመጣሁም» አሉኝ በዙሉ ቋንቋ። «ይኼ የባሌ ነው። ያኔ በየበሩ ስትዞሩ ለወንድምህ በብርድ ልብስ ለውጬው ነበር። ይህች ልጅ ካንተ ሱቅ ባሴላ ብላ አመጣችው። ጀርባው ላይ ምን እንደሚል አንብብልኝ።»

ላስቲኩን ሳይለቁ ዘረጉልኝ። መጀመሪያ በአማርኛ አነበብኩት፤ ከዚያ በማውቃት ዙሉ ተረጎምኩላቸው።

«ባላቸውን ከቀበሩ አራተኛ ቀናቸው ነው። ብርድ ልብስ ሰጥቼ ይህን ወሰድኩ። ከመስጠታቸው በፊት በቀሚሳቸው ጠረጉት። መውሰድ አልነበረብኝም። መልሼ እወስድላቸዋለሁ።»

ልለምናቸው አሰብኩ፤ ዱቄት፣ ዘይት፣ የፈለጉትን ልስጣቸው አልኩ በልቤ። ነጥቄ ልውሰደው ብዬም አስቤያለሁ፤ አልዋሽም። በስልኬ ፎቶ ላንሳው ብዬ ስጠይቅ እሺ አሉኝ። ፎቶው አሁንም አለ፤ አውራ ጣታቸው የመጨረሻዋን ቃል ሸፍኗታል።

ካርዱን ወደ ጉያቸው ከተቱት።

«ወንድምህ የት ነው? ካየሁት ቆየሁ።»

«አገር ቤት ነው፣ ጎጎ።»

«ስትደውል ደርሶኛል በለው። አመሰግናለሁ በለው።»

«እሺ» አልኳቸው፤ «እነግረዋለሁ።»