አባቴ ባሩድ ሲያስመርጡኝ

ሰሊጥ ስነፋ ከሰሊጡ ጋር የተቀላቀለውን አሸዋ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አሸት አደርገዋለሁ። ልማድ ነው። ባለፈው ልጄ አየችኝና «እማዬ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። የጠፋብኝን እንዴት ብዬ ልንገራት።

በልጅነቴ እንዲህ እያሸሁ የምለየው ባሩድ ነበር።

አባቴ ከአያቴ የወረሱት፣ በአፉ የሚጎርስ ረጅም ጠመንጃ ነበራቸው። ባሩዱ በአፈሙዙ ይፈስለታል፣ በዘንግ ይጠቀጠቃል፣ ከጎኑ ባለችው ትንሽ ጉድጓድም ማቀጣጠያ ቆንጠር ተደርጎ ይጨመራል። አባቴ ቱቦውን «ሆዱ»፣ ጉድጓዷን «ጆሮው» ይሏቸው ነበር። ሰው ላይ አልተኮሱበትም። ማሽላው ሲያፈራ፣ ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ከርከሮ ከወንዙ ዳር ይወጣል፤ እሳቸው ወደ ሰማይ አንዴ ሲያጮኹት መንጋው ቁጥቋጦውን እየጣሰ ይሸሻል። የዓመት ቀለባችንን የሚጠብቀው ያ ድምፅ ነበር።

ከገበያ የሚገዛው ባሩድ ግን የተደባለቀ ነው። ሻካራው እንደ ቅንጬ፣ መካከለኛው እንደ ሰሊጥ፣ ልሙ እንደ ጤፍ። ልሙ ለጆሮው ብቻ ነው። ቶሎ ስለሚነድ ሆዱ ውስጥ ከገባ ያንን አሮጌ ብረት ይሰነጥቀዋል። ለሆዱ ሻካራው ነው፤ እሱ ቀስ ብሎ ይነዳል። ይህን ሁሉ አባቴ ያውቃሉ፤ ጣታቸው ግን አያውቀውም። ሰሊጥ ሲያጭዱ የኖሩበት እጅ እንደ ዛፍ ቅርፊት ደርቆ ቅንጬውንም ጤፉንም አንድ አድርጎባቸው ነበር፤ በወንፊት ቢነፉትም ልሙ ጨርሶ መውጣቱን አያውቁም።

ስለዚህ እኔን ይጠሩኛል። ከእሳት ርቀን ከቤቱ ጀርባ እንቀመጣለን። ባሩዱን ደርቆ እንዲቆይላቸው ከሚያኖሩበት ትልቅ የሻይ ቆርቆሮ እየቆነጠሩ መዳፌ ላይ ያደርጉልኛል። የከሰልና የድኝ ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

«ይሄስ?»

«ጤፍ ነው አባዬ። ለሆዱ እንዳያደርጉት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ቆይ፣ እንደገና ልየው።»

እንደገና አየዋለሁ፤ ደግሞ እንደገና። ያኔም ፈሪ ነበርሁ። እናቴ ከውስጥ ሆና «አንቱ፣ ልጅቱን ይተዉዋት እንጂ! እጇ እንዲህ ጠቁሮ ማን ሊያገባት ነው?» ትላለች።

«ባሩድ የሚገዛ ያገባታል» ይላሉ አባቴ።

እስቃለሁ፤ ጣቴ ግን ማሸቱን አያቆምም። ከተሳሳትሁ የሚሄደው የእሳቸው እጅ መሆኑን አውቃለሁ።

የሠርጌ ዕለት ጠዋት፣ እጄ ሂና ተቀብቶ፣ ከሚዜዎቼ ጋር እልፍኝ ተቀምጫለሁ። ከአገዳው ግድግዳ ውጭ የአባቴን ሳል ሰማሁ።

«ልጄ፣ እጅሽን ወዲህ በይ።»

እጄን በአገዳው ክፍተት አወጣሁ። ሲሸኙኝ ከሚተኩሱት ባሩድ ቆንጥረው አደረጉልኝ። አሸሁት።

«ቅንጬ ነው፣ ግን ጤፍ አለበት። ይንፉት።»

ሄዱ። የወንፊቱ ድምፅ መጣ። ተመልሰው ደግመው ቆነጠሩልኝ።

«አሁንስ?»

«አሁን ደህና ነው፣ አባዬ።»

እጃቸውን ከእጄ ላይ ቶሎ አላነሡም።

በትራክተር ተሳቢ ላይ ጭነውን ስንነሣ ዘፈኑ አይሰማኝም ነበር። ተኩሱን ነበር የምጠብቀው። ሚዜዬ «ምን ያስፈራሻል? ባልሽ አይበላሽም» ብላ ሣቀችብኝ። ጠመንጃው ጮኸ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ትንፋሼን እንደያዝሁ ቆየሁ፤ ከጭሱ መካከል «በሰላም ግቢ፣ ልጄ» የሚል ድምፃቸው ሲመጣ ነው ያለቀስሁት።

በቀጣዩ የማሽላ ወራት ልጠይቃቸው ሄድሁ። ቤቱ ሳልደርስ ከእርሻው ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ሰማሁ። አባቴ ከእርሻው መጠበቂያ ማማ ላይ ተቀምጠው ያንን የሻይ ቆርቆሮ በዱላ ይመታሉ። የእርሻውን ዳር ከርከሮ በልቶት ባዶ አገዳ ብቻ ቆሟል።

«ጠመንጃውስ አባዬ?»

«ተሰቅሏል።»

«ባሩድ ጠፋ?»

«ባሩድስ ገበያው ሞልቶታል» አሉና ጣቶቼን አዩ። ሂናው ለቆ ነበር። «አሁን ማን ይለይልኛል?»

ማማው ላይ ወጣሁ። ቆርቆሮውን ከእጃቸው ተቀበልሁና እስኪጨልም ድረስ መታሁላቸው።