ከሌባው ኋላ፣ ከሰዉ ፊት

እግሬ ፈጣን ባይሆን ኖሮ ያን ቀን ማንም አይነካኝም ነበር። አማርኛ አስተማሪ ሆኜ ሸነን የምትባል የኦሮሚያ ከተማ ከተመደብኩ ወር እንኳ አልሞላኝም፤ ከጎረቤቶቼ ጋር ገና "አካም" ከመባባል አላለፍንም።

ከተማው በሌባ ተማሮ ነበር። ዛሬ በግ ይጠፋል፣ ነገ የጣሪያ ቆርቆሮ። ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ስታመለክት "ማንን ትጠረጥራለህ? ምስክር አለህ?" ትባላለህ። አይ ጉድ! እሱን ባውቅ እናንተ ዘንድ ምን አመጣኝ? ተይዞ የገባውም ቢሆን ሳይቆይ ተፈትቶ ገበያ መሃል ሰላም ይልሃል። ሰዉ አንጀቱ አርሮ "ከእንግዲህ ራሳችን እንወጣዋለን" ማለት ጀምሯል። እውነቱን ለመናገር እኔም ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ እንደዚያው እል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ "ሌባ! ሌባ!" የሚል ጩኸት ተነሳ። አንዲት ባልቴት አጥራቸው ላይ ያሰጡትን ጋቢ አንድ ጎረምሳ ላጥ አድርጎ ሲሮጥ አየሁ። ተማሪ ሳለሁ ሯጭ ነበርኩና ደብተሬን ወርውሬ ተከተልኩት። ሰዉም ከኋላዬ ግር አለ። ሁሉንም ቀደምኩ፤ ምን ዋጋ አለው፣ ሌባው ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቶ ተሰወረ። እኔ ዞሬ በባልቴቷ ጓሮ በኩል ባለው ጠባብ መንገድ ብቅ ስል፣ ከወዲያ ዱላ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ገጠሙኝ። ያዩት እንግዲህ የማያውቁትን ሰው ነው፣ ያውም ሲሮጥ፣ ያውም ከኋላው ያ ሁሉ ሰው "ሌባ!" እያለ።

የመጀመሪያው ዱላ ትከሻዬ ላይ አረፈ። "አስተማሪ ነኝ!" ብል ማን ሊሰማኝ! ወደቅኩ። አለቀልኝ ብዬ እናቴን ተጣራሁ።

ድንገት ዱላው ቆመ። ቀና ስል ባለጋቢዋ ባልቴት ሲንቄያቸውን ከፍ አድርገው በእኔና በሰዉ መሃል ቆመዋል። ሲንቄ በኦሮሞ ባህል ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት፤ እሷን ይዛ መሃል የገባችን ሴት አልፎ የሚማታ ወንድ የለም። በኦሮምኛ ጮኹባቸው። ቃሉን ባልለየውም ቁጣው ገብቶኛል። ሰዉ እያጉረመረመ ወደ ኋላ አለ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ተማሪዬ ደርሶ ማንነቴን ሲነግራቸው ያ ሁሉ ጀግና አንገቱን ደፋ።

ሌባውም ጋቢውም እስከ ዛሬ አልተገኙም። እኔ ግን ይኸው አለሁ፤ ትዳር የያዝኩት፣ ልጅ ያቀፍኩት በእሳቸው ነው። እድሜ ይስጣቸው ብዬ አልጠግብም።

ያኔ ጉዳቱ ሲሻለኝ ስኳር ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀሩኝ።

"እማማ፣ እኔ እንዳልሆንኩ እንዴት አወቁ?" አልኳቸው።

"መች አወቅኩ ልጄ?" አሉኝ ኦሮምኛ በተቀላቀለበት አማርኛቸው። "ሌባው አንተ መስለኸኝ ነበር።"