የበርጩማዋ መሐላ

የደብረ ብርሃን ወጣቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሠልጣኝ መምህር ኪዳነወልድ በጨዋታ ጊዜ አግዳሚው ላይ አይቀመጥም። አግዳሚው ብረት ነው፤ በኅዳር ብርድ የተቀመጠበት ሰው ወገቡን ይዞ ነው የሚነሣው። እሱ ከቤቱ በርጩማ ያመጣል። በርጩማዋ አንኮበር ውስጥ ከአንድ የወይራ ግንድ የተጠረበች ናት፤ አባቱ ቄስ ገብረአማኑኤል መዝሙረ ዳዊት የሚደግሙት እሷ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጨዋታ ሲያልቅ ከልጆቹ አንዱ ማንም ሳያዘው አንሥቶ እስከ ቤቱ ያደርስለታል። የእንግዳ ቡድን ደጋፊዎች "ሰውዬው ላም ሊያልብ ነው እንዴ?" እያሉ ይስቃሉ። እሱ አይሰማም፤ ወይም የማይሰማ ይመስላል።

ዕድሜው ሃምሳ ስድስት ነው። ከቅርጫት ኳስ ጋር የተዋወቀው በሃያ ዓመቱ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ሳለ፣ ቁመቱን ያዩ ሰዎች ቡድን ውስጥ ሲያስገቡት ነው። በዚያው ዓመት ለውድድር አዲስ አበባ ሄደ። ስምንት ቀን ሙሉ አግዳሚ ላይ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ፣ መለያውን እንደታጠፈ ይዞ ተመለሰ። አንኮበር ሲገባ አባቱ ገና ከበር፣ "ተጫወትክ?" አሉት።

"አዎ፣ አባቴ።"

"እሰይ" አሉ ቄስ ገብረአማኑኤል፤ ለጎረቤትም ነገሩ።

ይህን ኪዳነወልድ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ነገር ግን መምህር ሆኖ መዘዞ በተመደበ ጊዜ፣ ከበርሜል ብረት ቀለበት ሠርቶ፣ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ቸንክሮ፣ የመጀመሪያውን ቡድን ሲያቋቁም አንድ ሕግ አወጣ። ሳምንቱን ሙሉ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት በውርጭ ተነሥቶ የሮጠ ልጅ፣ በጨዋታው ቀን ሜዳ ይገባል። ሁለት ደቂቃም ቢሆን ይገባል። ጎበዝ ነው ሰነፍ ነው ተብሎ አይመረጥም። መዘዞ አሥራ አራት ዓመት፣ ደብረ ብርሃን ከተዛወረ በኋላ ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመት ይህ ሕግ አልተለወጠም። በዚህ መሐል ቡድኑ ሦስት ጊዜ ለዞኑ ዋንጫ ቀርቦ ሦስቱንም ጊዜ ተሸነፈ። ኪዳነወልድ አራተኛውን ይጠብቅ ነበር።

በዚህ ላይ ቴዎፍሎስ መጣ።

ቴዎፍሎስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አባቱ ለፋብሪካ ሥራ ከወሎ መጥቶ ደብረ ብርሃን የቀረ ሰው ነው። ልጁ ቁመቱ አንድ ሜትር ከዘጠና ስምንት፣ እጁ ረጅም፣ ዓይኑ የማይስት ነው፤ እንዲህ ያለ ተጫዋች በዚያ ከተማ ታይቶ አይታወቅም። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ለኪዳነወልድ በቀለለው ነበር። ግን ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው፤ ከሁሉ ኋላ የሚሄደውም እሱ ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነበር፤ የማይችል ሰው አጠገቡ ሲሮጥ ማየት አይወድም።

በኅዳር መጀመሪያ፣ በግማሽ ፍጻሜው ከመዘዞ ጋር ተጋጠሙ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር ደብረ ብርሃን በአሥራ አንድ ነጥብ ይመራ ነበር። ኪዳነወልድ ቴዎፍሎስን አስወጥቶ፣ እስከዚያ ሰዓት ያልገባውን ዳዊትን አስገባ። ዳዊት አጭር፣ ትሑት፣ ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን የሚጨፍን ልጅ ነው። አሥራ አንዱ ነጥብ እየተሸረፈ ሄዶ አንድ ሲቀር ፊሽካ ተነፋ። አሸነፉ። ግን እንደ ተሸናፊ ነው ከሜዳ የወጡት።

ቴዎፍሎስ ፎጣውን ከአንገቱ አወረደ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቅ።"

"እየመራን ለምን አስወጡኝ?"

"ዳዊት ሳምንቱን ሙሉ ሮጧል። መግባት ነበረበት።"

"ሦስት ደቂቃ ቢቆይ ምን ነበረበት?"

"እንዲህ ሦስት ሦስት ደቂቃ ሲባል ጨዋታው ያልቃል።"

"ይለቅ። ምን ይሆናል ባይገባ?"

ዳዊት የጫማውን ክር እየፈታ ነበር። ቀና አላለም። ኪዳነወልድ መልስ ነበረው፤ ግን ያ መልስ ሠላሳ ስድስት ዓመት የተደበቀ ነው፤ ላብ ባጠመቃቸው አሥራ ሁለት ልጆች መሐል የሚወጣ አልነበረም። ዝምታው ልጁን አደፋፈረው።

"እርስዎ እኮ ማሸነፍ ይፈራሉ፣ ጋሼ። ሦስት ዋንጫ የተበላነው ለዚህ ነው። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የሚነግርዎት ስለጠፋ ነው እንጂ።"

ኪዳነወልድ ከተቀመጠበት አልተነሣም። መዳፉን በበርጩማዋ ጠርዝ ላይ አሳረፈ።

"ሚካኤልን!" አለ። "እኔ እዚች በርጩማ ላይ እስከተቀመጥኩ ድረስ አንተ ሜዳ አትረግጥም።"

ያን ቀን በርጩማዋን እስከ ቤቱ ያደረሰው ዳዊት ነው።

በማግስቱ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ኪዳነወልድ ሜዳው ሲደርስ ቴዎፍሎስ ብቻውን ይሮጣል። ሰላምታም አልሰጠ፣ ይቅርታም አልጠየቀ፤ ዙሩን ጨርሶ ሄደ። በሁለተኛውም ቀን መጣ፤ በሦስተኛውም። አሥራ አንዱ ልጆች አንድ ጊዜ ልጁን አንድ ጊዜ አሠልጣኙን ያያሉ፤ የሮጠ ይገባል የሚለውን ሕግ ሁሉም ያውቁታል፤ መሐላውንም ሁሉም ሰምተዋል።

ረዳት አሠልጣኟ ፍቅርተማርያም ናት፤ የሒሳብ መምህርት፣ በዩኒቨርሲቲ ዘመኗ ለሴቶች ቡድን የተጫወተች። ሐሙስ ዕለት በመምህራን ክፍል አጠገቡ ተቀመጠች።

"ጋሽ ኪዳኔ፣ እሑድ ለፍጻሜው ጨዋታ ከአዲስ አበባ አንድ ክለብ ሰው ይልካል።"

"ሰምቻለሁ።"

"የሚመጣው ቴዎፍሎስን ሊያይ ነው። ሌላ ማንን ሊያይ ይመጣል?"

"ዳዊትን" አለ ኪዳነወልድ።

ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። "መሐላ ነው፣ ፍቅርተማርያም። በሚካኤል ነው የማልኩት።"

"እስቲ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ይህ ሁሉ ሰው የሚምለው የሚፈታ ቄስ ባይኖር ነው?"

ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ አንኮበር ሄደ። የንስሐ አባቱ አባ ማኅደረማርያም ሰማንያን ያለፉ፣ ጆሯቸው ደህና፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ጉሙ ገለጥ ብሎ ፀሐይ ወጥታ ስለነበር፣ በደጃቸው ገብስ አስጥተው ወፍ ይጠብቃሉ። ኪዳነወልድ መስቀል ተሳልሞ አጠገባቸው ተቀመጠና ነገሩን ከመጀመሪያው ነገራቸው።

"ኳሱ የእግር ነው የእጅ?" አሉ።

"የእጅ ነው፣ አባ።"

"የእጁ ይሻላል። ልጁ ምን አለህ?"

"ማሸነፍ ይፈራሉ አለኝ።"

"ትፈራለህ?"

ኪዳነወልድ ከስጡ የወጣውን ገብስ በእጁ መለሰ። "ግማሹ እውነት ነው።"

"የቱ ግማሽ?"

"አባ፣ የሮጠ ይገባል ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁ በየማለዳው መጥቶ ይሮጣል። አይገባም ብዬ የማልኩትም እኔው ነኝ።"

"ሁለት አፍ አውጥተሃላ።"

"ይፍቱኝ ብዬ ነው የመጣሁት።"

"መማልህ ኃጢአት ነው። ለእሱ አርባ ስግደት ስገድ፤ እግዚአብሔር ይፍታህ።" ወደ ወፎቹ ጠጠር ወረወሩ። "በእኔ በኩል ያለው ይኸው ነው። ነገ ልጁን ስታስገባ ግን ስትምል የሰሙህ ልጆች ምን ይላሉ?"

"ዋንጫ ፈልጎ ቃሉን በላ ይላሉ።"

"ባታስገባውስ?"

"ያኔም የሚበላው ቃሌ ነው።"

"እንግዲህ ከእነሱ ጆሮ ልፈታህ አልችልም፤ ሥልጣኑ የለኝም።" ሌላ ጠጠር አነሡና፣ "በርጩማዋ የገብረአማኑኤል ናት አይደል?" አሉ።

"አዎ፣ የአባቴ ናት።"

"ደግ ሰው ነበር። ማረፍ ይወድ ነበር፤ ግን መነሣትም ያውቅበት ነበር።"

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሜዳው በሰው ተሞላ። ተጋጣሚው የደብረ ሲና ቡድን ነው፤ ልጆቹ ከቆላው ወደ ደጋ ስለወጡ ብርዱ ይዟቸው እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተዋል። ዳዊት እንደ ልማዱ በርጩማዋን አምጥቶ ከአግዳሚው አጠገብ አኖራት። ኪዳነወልድ ጋቢውን ለብሶ ልጆቹን ሰበሰበ።

"ሁለት ነገር ተናግሬአችኋለሁ" አለ። "አንዱ የሮጠ ይገባል የሚል ነው። ሌላውን ታውቁታላችሁ። ሁለቱም እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ እኔ እዚች በርጩማ ላይ አልቀመጥም። አሠልጣኛችሁ ፍቅርተማርያም ናት።"

ፊሽካውንና ደብተሩን ሰጣት። ፍቅርተማርያም ደብተሩን ይዛ በርጩማዋን አየች።

"እዚያ ላይማ አልቀመጥም" አለች።

"አትቀመጪ። ቁሚ።"

ከዚያ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያልወጣውን የተመልካች ደረጃ ወጣ። ባዶ ቦታ ያገኘው ከአንድ የደብረ ሲና የጭነት መኪና ሹፌር አጠገብ ነው። ሹፌሩ ቆሎ ዘረጋለት።

"የእነዚህ አሠልጣኝ ዛሬ ቀርቷል አሉ፤ በርጩማው ብቻ ነው የመጣው።"

"እንዲያ ይላሉ" አለ ኪዳነወልድ፤ ቆሎውን ቆረጠመ።

ቴዎፍሎስ በመጀመሪያው ደቂቃ ገባ። ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው በየመሐሉ መነጽሩን እየወለወለ ይጽፋል። ልጁ በሦስት ሩብ ሃያ አራት ነጥብ አገባ፤ ግን አራት ፋውልም ተቆጠረበት። አምስተኛው ሲመጣ ተባርሮ ነው የሚወጣው፤ መመለስ የለም። በመጨረሻው ሩብ አምስት ደቂቃ ሲቀር ደብረ ብርሃን በአራት ነጥብ ይመራ ነበር። ከልጆቹ ሁሉ ያልገባው ዳዊት ብቻ ነው።

ፍቅርተማርያም ዞር ብላ ደረጃውን በዓይኗ ፈለገች፤ አገኘችው። ቴዎፍሎስም ቀና ብሎ አየ። ኪዳነወልድ የሚጠይቁት ገብቶታል። አትገባም ብሎ ማለ እንጂ አትወጣም ብሎ አልማለም፤ በእጁ ትንሽ ቢያመለክት ይበቃ ነበር። በሕይወቱ ሁሉ በዚህ ሰዓት የሚያደርገውን ያውቃል፤ ያስወጣዋል። ግን ልጁ የተናገረው ግማሽ እውነት በጆሮው መጣ። ሦስቱም ዋንጫዎች የጠፉት በዳዊትና በመሰሎቹ ምክንያት ብቻ አልነበረም፤ መምራት ሲጀምር ሜዳው ላይ የማይነካውን ይነካል፣ ደህና የቆመውን ያነቃንቃል። ይህን ለአባ ማኅደረማርያም አልነገራቸውም። አሁን ለራሱ ነገረ።

ሁለቱን እጆቹን ጋቢው ውስጥ አስገባ። ምንም አላመለከተም።

"ልጁን ቢያስወጡት ይሻላል" አለ ሹፌሩ። "ፋውሉ ሞልቷል።"

"እነሱ ያውቃሉ።"

ጨዋታው ለጥቂት ጊዜ ቀጠለ። ከዚያ ኳሱ ከመስመር ሲወጣ ቴዎፍሎስ እጁን አነሣ፤ ማንም ሳይጠራው ወደ አግዳሚው ሄደና ዳዊትን በትከሻው ገፋ አደረገው። ዳዊት ጃኬቱን ሲያወልቅ እጅጌው ያዘው፤ ቴዎፍሎስ ጎትቶ አወለቀለት። ደጋፊው አጉረመረመ። ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ብዕሩን አቆመ።

ዳዊት ሁለት ደቂቃ ከግማሽ ተጫወተ። አንድ ኳስ ከእጁ አመለጠው። አንድ ለጓደኛው አቀበለ። አንዱን ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጣብቆ ያዘውና ፊሽካ እስኪነፋ አልለቅም አለ። ቴዎፍሎስ ሲመለስ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ነበሩ። በመጨረሻው ደቂቃ ሁለት ነጥብ አገባ፤ ደብረ ብርሃን ሃምሳ ስምንት ለሃምሳ ስድስት አሸነፈ።

ሹፌሩ የቆሎውን ከረጢት ጠቀለለ። "ለካ አሠልጣኝ ሳይኖርም ይቻላል" አለ።

"ይቻላል" አለ ኪዳነወልድ።

ፎቶ ሲነሡ ጠሩት። ወርዶ ከጥግ ቆመ። በርጩማዋን መሐል አድርገው ዋንጫውን እሷ ላይ አስቀምጠው ነበር፤ አላስነሣውም።

በታኅሣሥ አጋማሽ ቴዎፍሎስ ወደ አዲስ አበባው ክለብ ሄደ። የሄደ ቀን ኪዳነወልድ መናኸሪያ ድረስ መጣ፤ ልጁ ሻንጣውን አውቶቡሱ ላይ አስጭኖ ወረደ።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ሊያስወጡኝ ነበር አይደል?"

"ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"አንተስ ለምን ወጣህ?"

ልጁ ጫማውን አየ። የአውቶቡሱ ረዳት በሩን እየደበደበ "ሞላ፣ ሞላ" ይላል።

"እንጃ። ዳዊት ጃኬቱን እንደለበሰ አየሁት" አለ ቴዎፍሎስ። "ብርዱ ለእኛ ልማድ ነው እኮ፣ ሌሎቹን ሁሉ አልቧቸዋል። እሱ ብቻ እስከ አንገቱ ዘግቶ ተቀምጧል።"

ኪዳነወልድ የራሱን ጃኬት ዚፕ ወደ ታች ሳበው።

"ለነገሩ ኳሱን የነካው ሁለት ጊዜ ነው" አለ ልጁ እየሳቀ፣ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ።

"ሦስት" አለ ኪዳነወልድ። "ቆጥሬአለሁ።"