ዞር ብላ የተሳለችው እናት

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ተነሣሁ። ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት ካርቶን በራሴ እጅ የሳልኩትን ኮሚክ፣ በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ ይዟል። ታሪኩ አጭር ነው፦ አንዲት እናት የልጇን ፊት በየጠዋቱ ታጥባለች፤ ጎረቤቷ ደግሞ የልጇን ዓይን ዝንብ ሲወረው ዝም ትላለች። ትራኮማ በገጠሩ ብዙ ዓይን አጥፍቷል። የምሄድበት ቀበሌ ሰው ከተቀበለው መጽሐፉ ለወረዳው ሁሉ ይታተማል፤ ካልተቀበለው የሁለት ዓመት ልፋቴ ካርቶን ውስጥ ይቀራል።

ቡሬ፣ ሦስት ሰዓት። ሽሮ አዝዤ ብቻዬን በላሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ መንገድ ስወጣ "ደረስሽ?" የሚለኝ ስለሌለ ስልኬን አውጥቼ ሰዓት አየሁና መለስኩት። አስተናጋጁ "ሰው ይጠብቃሉ?" ሲለኝ አፈርኩ።

ከቡሬ ጥቂት በባጃጅ፣ ከዚያ በበርበሬና በበቆሎ ማሳ መካከል አንድ ሰዓት በእግር። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስቀረብኝ። ዕለቱ የሚካኤል በዓል ስለነበር እርሻ የለም፤ ሴቶቹ ከቅዳሴ በኋላ ዋርካ ሥር ተቀምጠው ጠበቁኝ። መጽሐፉን አደልኩና "የትኛዋን እናት መምሰል ትፈልጋላችሁ?" አልኳቸው።

ሁሉም ሰነፏን ጎረቤት ጠቆሙ።

"እንዴ! ምነው?"

"ያችማ ክፉ ናት" አለችኝ አንዷ አጣቢዋን እያሳየች። "የሰው ልጅ ውኃ ውስጥ ልትደፍቅ አይደል?"

አብረው የተቀመጡት የደብሩ መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን አዩት። "ልጄ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ አላየሽም? ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያይሻል። በአንድ ዓይን ዞር ብሎ የሚሳለው ሰይጣኑ ነው። ይህችን ደግ ሴት ለምን እንዲህ አደረግሻት?"

እኔም ደብር ውስጥ አድጌ ይህን መርሳቴ አናደደኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። "እናቴን እያሰብኩ ነው የሳልኳት፣ አባቴ። ግራ ዓይኗን ትራኮማ አጥፍቶባት ሰው ፊት ሁሌ በደህናው በኩል ዞር ትል ነበር።"

መሪጌታው መነጽራቸውን አወለቁ። "ነፍስ ይማር። እንግዲህ ሁለቱንም ዓይን ስጫትና ተመለሺ። ያኔ ለልጆቹ እኔው ራሴ አነብላቸዋለሁ።"

በማግስቱ ቤቴ ገብቼ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። የራሴን ሐዘን ለሌላ ሰው ትምህርት አድርጌ ይዤ እንደሄድኩ የገባኝ ያኔ ነው። የአጣቢዋን ሴት ፊት ወደ አንባቢው አዞርኩና ግራ ዓይኗን ሳልኩ። እናቴ ከወረቀቱ ላይ ጠፋች። በቦታዋ የማላውቃት ጤነኛ ሴት ቀና ብላ አየችኝ። አለቀስኩ፤ ግን አልሰረዝኳትም።