ቱሳ ዝም ያለባቸው ዓመታት

ከአሰላ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ቱሳን በዘፈኑ የማያውቅ አልነበረም። የቢራ ገብስ በጋሪው ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ለፈረሱ ይዘፍናል፤ ቤቱ ሲገባ ለልጁ ለቢታንያ። ዘፈኑ ሁሉ በኦሮምኛ ነው። ሚስቱ መሰረት ኦሮምኛንም አማርኛንም እንደ ሁለት እጇ ታዝዛቸዋለች። የቱሳ አማርኛ ግን የገበያ ነው፤ ዋጋ ይከራከርበታል እንጂ ልጅ አያባብልበትም።

ቢታንያ ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላት የመሰረትን ልብ አንድ ነገር ይከነክነው ጀመር። ልጅቷ ስሟ ሲጠራ ዞር አትልም። የጋሪው ቃጭል ከሩቅ ሲሰማ ግን ትዞራለች፤ ጆሮዋስ ደህና ነው። በጣቷ ወደ ምንም ነገር አታመለክትም። ውሃ ሲጠማት የእናቷን እጅ እንደ ዕቃ አንስታ ጀሪካኑ ላይ ታስቀምጠዋለች። ከሰው ዓይን ይልቅ ደጃፍ ላይ የምትደረድራቸው ቆርኪዎች ይማርኳታል።

እናት ያየችውን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ የተቀመጠው ባለሙያ እንደሻው ይባላል፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ፣ ጋዋኑ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። ልጅቷን አልነካትም፤ በስሟም አልጠራትም። ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ እንደሚወራ ብቻ ጠየቀ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ ሁለት ቋንቋ ተምታቶባት ነው፣ አንዱን ጣሉ፣ አማርኛውን ያዙ፣ አምስት ዓመት ሞልቷት ካልተናገረች ያኔ ትመጣላችሁ አለ። ለምን አማርኛውን? እንደሻው ራሱ የሚሰማው አማርኛን ብቻ ስለሆነ ነዋ! ሌላ ምክንያት ቢኖረው ይናገረው ነበር።

ቱሳ የታዘዘውን ፈጸመ። የተማረ ሰው ብሏል፤ ለልጄ ከሆነ እንኳን ቋንቋዬን ሌላም እሰጣለሁ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከደጁ መለስ አፉን ይዘጋል። ሚስቱን ሊያዋያት ሲፈልግ እንደ ሌባ ጓሮ ወስዶ ያንሾካሹክላታል። ለልጁ የቀሯት ሦስት ቃላት ናቸው፦ ነይ፣ ብይ፣ ተኚ። ጉልበቱ ላይ ወጥታ፣ ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጥፋ ዘፈኑን ታዳምጥ የነበረች ልጅ፣ ያ ደረት ዝም ሲላት ጊዜ መምጣቷን ተወች። ወደ ቆርኪዎቿ ተመለሰች።

ባለጋሪ ጓደኞቹ፣ መሰረት ምላስህን ቆልፋ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው ወይ እያሉ ያሾፉበታል። ይስቅላቸዋል። ዘመድ ደግሞ በየተራ እየመጣ ያጽናናል፦ አባቷም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው፤ እሷም ዓይናፋር ሆና ነው፤ ቆይ፣ ትንሽ ቆይ። ይህች ቆይ የምትባል ቃል ስንቱን የልጅ ማለዳ ውጣ ቀረች! መሰረት ልብስ ስታጥብ ለብቻዋ ታንጎራጉር ነበር፤

ቆይ ቆይ እያላችሁ ቀኔን በላችሁት፣
የልጄን ማለዳ ምሽት አረጋችሁት።

ቢታንያ አምስት ዓመቷን ስትደፍን ሊያስመዘግቧት የወሰዷት መዋዕለ ሕፃናት፣ አትናገርም ብሎ አልቀበልም አለ። አንዲት መምህርት ግን በር ድረስ ሸኝታቸው፣ አሰላ ዶክተር ሄለን የምትባል የሕፃናት ሐኪም እንዳለች ነገረቻቸው።

ዶክተር ሄለን ወንበሯን ትታ ወለሉ ላይ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች። ስሟን ጠራች፤ አሻንጉሊት አቀበለች፤ ብዙ ጠየቀች፤ ረጅም ሰዓት አየቻት። ከዚያ የቢታንያ ነገር ኦቲዝም እንደሚባል፣ እርግማንም የወላጅ ጥፋትም ሳይሆን አብሯት የተፈጠረ የአእምሮ አሠራር እንደሆነ አስረዳቻቸው። ምልክቱ በዓመት ከመንፈቅ ይታያል፤ ሁለት ዓመት ገደማ የሚያውቅ ሐኪም ይለየዋል፤ ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ስም እስኪወጣለት ሳይጠበቅ እገዛው ይጀመራል አለች። አባትየው ለምን ቃል እንደማይተነፍስ ስትጠይቅ መሰረት የጤና ጣቢያውን ምክር ነገረቻት።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። "ሁለት ቋንቋ ይህን አያመጣም" አለች። "አባቷን ዝም ማሰኘት ግን ወደ ሰው የምትመጣበትን መንገድ ዘጋባት።"

"ረፈደ?" አለ ቱሳ።

"ረፍዷል። አልመሸም። በየማክሰኞው አምጧት። እርስዎም ከዛሬ ጀምረው በቋንቋዎ ያጫውቷት።"

በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ቱሳ ዘፈነ። ድምፁ ዝጎ ነበር። ቢታንያ ዞር አላለችም፤ ተሳፋሪውም አጉረመረመ። እሱ እስኪወርዱ ድረስ አላቆመም። መሰረት ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት ጋሪውን አጥር ላይ አስሮ ጤና ጣቢያው ገባ። እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቃሉ። እንደሻው ሐኪሟ ያለችውን ከቱሳ አፍ ሰምቶ፣ እኔኮ ለበጎ ብዬ ነው ወንድሜ፣ ያኔ ማን ያውቅ ነበር አለው።

ቱሳ በዚያችው በገበያ አማርኛው መለሰ። "እርስዎ አላውቅም ቢሉኝ ኖሮ አሰላ አንድ ሰዓት አይሞላም። አዝዬም ቢሆን እወስዳት ነበር። አላውቅም ማለት ከብዶዎት የልጄን ሦስት ዓመት ተኩል ወሰዱ።"

እንደሻው መዝገቡን ገለጠ፤ ቀና አላለም። ዘበኛው መጥቶ የቱሳን ክንድ ያዘ። ቱሳ ግን ወደ አግዳሚው ዞረ። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ ልጃችሁ በዓመት ከመንፈቁ ስሙ ተጠርቶ ካልዞረ፣ በጣቱ ካላመለከተ፣ ቆዩ የሚላችሁን አትስሙ፤ አሰላ ዶክተር ሄለን አለች፤ እኛ በየማክሰኞው እንሄዳለን አላቸው።

ከአግዳሚው ጫፍ አንዲት ወጣት እናት ተነሳች። ያቀፈችው ሕፃን በትከሻዋ በኩል ባዶውን ግድግዳ ያያል።

"ወንድም ጋሼ፣ ሐኪሟ ማክሰኞ ብቻ ነው የምትገኘው?"

"ማክሰኞን አትጠብቂ" አላት ቱሳ። "ዛሬም አለች።"