ውርጩ ሲያልፍ የተዘራው አደንጓሬ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ከብሎካችን ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት የማለማት እኔ ነኝ። ያደግኩት ቆላ፣ ቆቦ ነው። በኛ አገር ዓይኑ ጥቁር የሆነውን አደንጓሬ የምንዘራው ሐምሌ ላይ ነው፤ እዚህም እንደዚያው ዘራሁት። አበበ፣ ቋጠረ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አደነቀልኝ። ታዲያ ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ ብወርድ፣ ቅጠሉ የፈላ ውሃ የተደፋበት መስሎ ጠቁሯል። በሁለተኛው ዓመት ደገምኩት፤ ያው ሆነ። ቆላ ያደገ ሰው ውርጭን ከየት ያውቀዋል? በሽታ መስሎኝ አመድ ስነሰንስበት ሰነበትኩ።

የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢም መጡና፣ «እህቴ፣ እስከ ክረምት ፍሬ ካላየንባት መኪና ማቆሚያ ትሆናለች» አሉኝ። የሚያቆሙበት ያጡ ሰዎች ነበሩ፤ አልፈረድኩባቸውም። ግን መሬቷን ልለቅ አልፈለግኩም።

በማግስቱ አመዴን ይዤ ስወርድ፣ ጉርድ ሾላ የሚሠራው የሚኒባስ ሹፌር ጎረቤታችን የመኪናውን መስታወት በመታወቂያው ይፍቃል።

«ምንድን ነው እሱ ነጩ?»

«ውርጭ ነዋ እትዬ! እርስዎ አመድ ይነሰንሳሉ፣ እኔ በረዶ እፍቃለሁ፤ ሁለታችንም ሥራ አላጣንም!»

መስታወቱን አየሁ፣ ዞሬ የጠቆረውን ቅጠል አየሁ። አመዱን እዚያው ደፋሁት።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት በመስኮት ብቅ እያልኩ፣ «ዛሬስ?» እለዋለሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ቁጥር ይፍቃል። ጥር ሊያልቅ ሲል፣ «ዛሬ መፋቅ የለም፣ ጨርቅ በቃው!» ብሎ ጮኸ። አላመንኩትም። መስታወቱ ደጋግሞ ንጹሕ ሆኖ ሲያድር ግን ዘሬን አወጣሁ።

የጎን ጎረቤቴ ከደረጃው ላይ ሆና ሳቀችብኝ። «ሰው በበጋ ይዘራል እንዴ? ፀሐይ መታሽ?»

«ይምታኝ፤ አደንጓሬዬንም ይምታልኝ!»

የበልጉ ዝናብ እስኪደርስ የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ሳመላልስ ወገቤ ተቆረጠ። ዝናቡም ደረሰልኝ። ግንቦት ላይ ፍሬውን የያዘው ቆባ ረዝሞ ተንጠለጠለ፤ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ትልቁ ዝናብ ሳይመጣ፣ ደርቆ መንኳኳት ጀመረ።

ሰብሳቢው ሜትር ይዘው መጡ፤ ለመኪና ማቆሚያ ሊለኩ ነው። አንዱን ቆባ መዳፋቸው ላይ ፈለቀቅኩት። ዓይናማ፣ ሙሉ ፍሬ።

«ከዚህ መሬት ነው የወጣው?»

«ከየት ላመጣው ኖሯል ጋሼ?»

ፍሬዎቹን በጣታቸው አገላብጠው አዩአቸው። ሜትሩን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከአጥሩ ሥር ያለችው ጥግ ባዶ ናት... እኔ ብይዛት መቼ ልዝራባት?» አሉኝ።

ማንም ያላስተማረኝን፣ ራሴ ያገኘሁትን ነገር ነው የጠየቁኝ። ወገቤን ቀና አደረግኩ።

«ጥር ሲያልቅ ይምጡ፤ ዘሩን ከኔ ይወስዳሉ» አልኳቸው።